የውሻው አልጋና የሕፃኑ ክፍል

ወይዘሮ ሱክፋን ድስቱን ምድጃው ላይ ጣል ሲያደርጉት ክዳኑ ተንቃጨለ። በጥቁር ኮምጣጤና በዝንጅብል የተቀቀለ፣ ለአራስ የሚሠራ የአሳማ እግር ነው፤ ዝንጅብሉን ልጃቸው ዋይሊን ማርገዟን ከነገረቻቸው ጊዜ ጀምሮ ዘፍዝፈው ነው ያቆዩት። አራስ ወር ሙሉ ከቤት አትወጣም፣ ቀዝቃዛ ነገር አትነካም፣ እናቷም ከጎኗ አትለይም። በተወለዱባት በቻይናዋ ታይሻን ወጉ እንዲህ ነው፤ እሳቸው ሲድኒም ቢኖሩ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ሆስፒታሉ ግን ገና የወለደችን ሴት በረዶ የተጨመረበት ውሃ አጠጣት። ባሰቡት ቁጥር ደማቸው ይፈላል።

ዛሬ ደግሞ ጎብኚዋ ነርስ መጥታ ሕፃኑን አያቱ ጎን ተኝቶ አገኘችው። አደጋ አለው፣ በራሱ አልጋ ይተኛ ብላ ሄደች። የዋይሊን ባል ብሬት ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ልጁን ወስዶ አዲስ ቀለም የቀባው ክፍል ውስጥ አስተኛው።

“ሱክፋን፣ ብቻውን መተኛት ከአሁኑ ይልመድ” አላቸው፤ አማቱን እንደ ሠፈር ጓደኛው በስማቸው ጠርቶ።

“ውሻህ የት ነው የሚያድረው?”

“እኛው አልጋ ላይ።”

“ውሻው ከናንተ ጋር፣ ልጁ ብቻውን? ጤነኞች ናችሁ?”

ብሬት ፊቱ ቀልቶ ውሻውን ይዞ ወጣ። እሳቸው ግን አላቆሙም።

“እነዚህ ፈረንጆች ቤተሰብ ምን እንደሆነ የት ያውቁና! እናቱን ለማየት ቀጠሮ የሚይዝ ሕዝብ። እኛ ልጅ ከእቅፋችን አንለይም።”

ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ የምትበላው ዋይሊን ማንኪያዋን አስቀመጠች። “ማን ነው የማይለየው?”

“ምን አልሽ?”

“የሦስት ወር ልጅ ሆኜ በሰው እጅ ታይሻን ዘመድ ጋ ላክሽኝ። ስታስመጪኝ የወተት ጥርሴ እየወለቀ ነበር። ኤርፖርት ላይ አክስቴ ብዬ ነው የጠራሁሽ። ዛሬ ለብሬት ስለ እቅፍ ታስተምሪያለሽ?”

“ያኔ ስደተኛው ሁሉ እንዲያ ነው ያደረገው። ቀንና ሌሊት ስሰፋ ማን ይይዝሽ ነበር?”

“ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ እማ።”

ሱክፋን ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ድረስ ሄዱ። ዞረው አላዩአትም። “አንቺን ስወልድ አንድ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላኝ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ወተቴ ጨርቁ ላይ ፈሶ ተሰደብኩ።”

“ታዲያ ንዴትሽን ለምን በኛ ትወጪዋለሽ?”

“በማን ልወጣው?”

ከአዲሱ ክፍል ልጁ አለቀሰ። ዋይሊን ለመነሳት ስትሞክር “ተቀመጪ፣ ብዪ!” አሏትና ቦርሳቸውን ጥለው ወደ ልጁ ሄዱ።

ብሬት ሲመለስ ልጁ እንደተባለው በራሱ አልጋ ተኝቷል። አማቱ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተጋድመው፣ እጃቸውን በፍርግርጉ አስገብተው ትንሿን እግር ይዘዋል።

“ሱክፋን፣ ተነጋግረን ነበር እኮ...”

“ከዚህ ንቅንቅ አልልም” አሉት፤ ንዴታቸው አልበረደም። “እናቱ ያለ እኔ የተኛችው ይበቃል።”