ሦስት ጎማ ለክረምት

በደርግ ዘመን ልደታ ሰፈር ውስጥ ሞተር የምትነዳ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ ብል የሚከራከረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሞተሩ ባለ ሦስት እግር ነው። ከፊት አንድ ጎማና እንደ ብስክሌት በሁለት እጅ የሚያዝ መሪ፣ ከኋላ ሁለት ጎማና የዕቃ መጫኛ ሳጥን አለው፤ ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። አባቴ አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያናዊ መካኒክ ገዝተውት፣ ከመርካቶ ወደ ልደታ ዕቃ እያመላለሱ እኛን ያሳደጉበት ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስዞር የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ መንዳት ከለከላቸው። በአራተኛው ቀን «መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ለሴት ልጅ?» አለች። «ለሹፌር» አሏት። ፈቃዱን ካወጣሁ ወዲህ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከኋላ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ይከታተሉኛል። «ማርሽ ቀይሪ፣ ሞተሩ ጮኸ» ይሉኛል።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ማካፋት ጀመረ። መሪውን አዞርኩት፤ ሞተሩ ግን አልዞረም። የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ተንሸራተተና አጥር ሥር ካለ ቦይ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ዕቃ አልጫንንም ነበር፤ የምነዳውም ቀስ ብዬ ነበር። አባቴ ከሳጥኑ ወርደው፣ በዳበሳ ወደ ፊት መጥተው ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሊሾ ሆኗል» አሉ። ጥርሱ አልቆ እንደ ሲሚንቶ ወለል ልሟል ማለታቸው ነው። የኋላዎቹንም ዳሰሱ። «እነዚህም ያው ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ማየት ሲያቅተኝ መዳሰሱንም ተውኩት።»

«እኔ ዓይን እያለኝ አላየሁትም አባባ» አልኳቸው። አፍሬ ነበር።

የመንግሥት መደብር ጎማ የሚያከፋፍለው ለጭነት መኪናና ለታክሲ ነው፤ የኛ ትንሽ ቁጥር ተሰልፈውም አይገኝም። ስለዚህ በማግሥቱ ክንዳቸውን ይዤ በእግር መርካቶ፣ ጎማ ተራ ወጣን። የመጀመሪያው ሱቅ ነጋዴ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጎማ አወጣልን። ጥርሱ ጥልቅ ነው። ልቤ ወዲያው ወደደው። አባቴ ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት።

«ይኼ ጎማ ነው ወይስ ጫማ?» አሉት።

ነጋዴው ሳቀ። ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ቢላዋ አዲስ ጥርስ ቆርጠው፣ በጫማ ቀለም ወልውለውት ኖሯል። ጥርሱን ፈልቀቅ አድርጌ ሳይ ውስጡ ያለው ክር ሊወጣ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ብቻ ማመን ተውኩ።

ብዙ ሱቅ ከዞርን በኋላ አንድ ሸበቶ ነጋዴ ዘንድ ደረስን። እኚህ ሰው በኛ ቁጥር ሁለት ዓይነት ነበራቸው፤ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት። አንደኛው ገና ያልተነዳበት፣ ጥርሱ እንደ ጣት የወፈረ። ሁለተኛው ጥቂት የተነዳበት፣ ዙሪያውን ቀጫጭን መስመር የተሰመረበት። ነጋዴው የሚያናግሩት አባቴን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ለክረምት ጥርሳሙን ይውሰዱ። ጭቃ ይበጥሳል።»

አባቴ ወፍራሙን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። በጉብዝናቸው ጊዜ በገጠር ጭቃ የጭነት መኪና ነድተዋል። እንዲህ ያለ ጥርስ ነፍሳቸውን እንዳዳነላቸው ደጋግመው አጫውተውኛል።

እኔ ግን ቦዩ ውስጥ የገባንበትን ቀን እያሰብኩ ነበር። ያንሸራተተን አስፋልት እንጂ ጭቃ አይደለም። የምንሠራው በአብዛኛው አስፋልት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልሞክር?» አልኳቸው ነጋዴውን።

ደጃፉ ላይ የጠዋቱ ዝናብ ውኃ አቁሯል። ጥርሳሙን ጎማ ውኃው ውስጥ ነክሬ በሱቁ ደረቅ የሲሚንቶ ወለል ላይ አንከባለልኩት። ተለያይተው የቆሙ ነጠብጣቦች ትቶ ሄደ። ባለ መስመሩን ነክሬ ከጎኑ አንከባለልኩት፤ ይኼ ደግሞ እንደ ሰፊ ጥብጣብ ያለ ሙሉ ዱካ አወጣ።

«ምን አደረገች?» አሉ አባቴ።

እጃቸውን ይዤ ወለሉ ላይ አሳረፍኩት። መጀመሪያ ነጠብጣቡን፣ ቀጥሎ ጥብጣቡን ዳሰሱ። «ጥርሳሙ አስፋልት የሚነካው በጫፍ በጫፉ ነው፤ ጭቃ ቢሆን ይገባበት ነበር» አልኳቸው። «ይኼኛው ግን በሙሉ አካሉ ይይዛል። ውኃውም በመስመሮቹ ይወጣለታል።»

አባቴ እንደተንበረከኩ ወለሉን እንደገና ዳሰሱ። «የተነዳበት ጎማ እኮ ነው» አሉ።

ባለ መስመሮቹን ሦስቱንም አንድ በአንድ በጉልበቴ አጥፌ ጎናቸውን መረመርኩ። ስንጥቅ የላቸውም። የውስጣቸውንም ዙሪያ በጣቴ ዳሰስኩ፤ የተለጠፈ ነገር የለም።

ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረው «የት ነው የተማርሽው እህቴ?» አሉ።

«እዚሁ፣ አሁን» አልኳቸው።

አባቴ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «የሷን ይስጡን። የምትነዳው እሷ ናት።»

ጎማዎቹ ገብተው ሐምሌን በሰላም ሠራን። በነሐሴ መጀመሪያ የወረደው በረዶ ግን የሰፈራችንን ትምህርት ቤት መስኮቶች ሰባበራቸው። ወላጆች አዋጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ሱቅ መስታወት ገዙ። የሚያመጣው ግን ጠፋ፤ መኪና ያላቸው ሁሉ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ርዕሰ መምህሩ ቤታችን መጡ።

«ጋሼ፣ ትምህርት ሊከፈት ነው። ልጆቹ ብርድ ላይ ሊቀመጡ ነው። ይቻል ይሆን?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አሉ አባቴ። «ሹፌሯ እዚያ ተቀምጣለች።»

ርዕሰ መምህሩ እኔንም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዞረው ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የነበረውን ግራ መጋባት አልረሳውም። «ነገ እናመጣዋለን» አልኳቸው።

በማግሥቱ መስታወቶቹን በጋዜጣ እየለያየን፣ ከሳጥኑ ግርጌና ግራ ቀኝ የገለባ ፍራሽ አድርገን አቆምናቸው። አባቴ በሁለት እጃቸው ደግፈው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሰማዩ ጠዋት ጠርቶ ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ግን ጠቆረና ወረደብን። አንድ ሱቅ ጥግ ይዤ አቆምኩ።

«ለምን ቆምሽ?» አሉ አባቴ።

«ዘይቱ እስኪታጠብ።»

ዝናብ ሲጀምር ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል። ዝናቡ ከበረታ በኋላ ግን ያጥበዋል። ከጣሪያው ሥር የተጠለሉት ሰዎች ጭነታችንን አይተው መንሾካሾክ ያዙ። አንዱ «እመቤት፣ መስታወት ጭነሽ በዚህ ቁልቁለት አትውረጂ፤ ሽማግሌውን እዘኚላቸው» አለኝ። ጭነቱን የሸፈንንበት ሸራ ግን ጠባብ ነው፤ ጋዜጣውም መራስ ጀምሯል። ጋዜጣው ከላሸቀ መስታወቱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ውኃው በመንገዱ ዳር ጠርቶ ሲወርድ ሳይ ሞተሩን አስነሣሁ።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ በሞተሩ ጉልበት እየያዝኩ ወረድኩ። ውኃ ካቆረበት እሸሻለሁ፤ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ፊቴ ላይ የሚወርደውን ዝናብ በእጅጌዬ እየጠረግኩ ግማሽ መንገድ እንደወረድን አንድ አውቶቡስ ከማቆሚያው ወጥቶ ፊት ለፊቴ ገባ። ነዳጁን ቀነስኩ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ጠበቅ ለቀቅ አደረግኩት፣ መሪውን ወደ ግራ ሰበር አደረግኩ። የፊት ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ በመዳፌ ተሰማኝ። ዞረ። በአውቶቡሱ ጎን አለፍን።

ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ «ምን ሆነ?» ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ርሰናል። ጭነቱ ሲወርድ ደኅና ነበር። በኋላ አንዱን ዘበኛው ሊሸከም ሲል ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ርዕሰ መምህሩ «መንገዱን የጨረሰ መስታወት በራችን ላይ ይሰበር?» ብለው ሲያዝኑ አባቴ ሳቁ፤ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ከዚያ አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የመጣው በልጄ እጅ ነው፤ የተሰበረው በሌላ እጅ ነው። ይኼ ይታወቅልኝ» አሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ልብሴ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የቆምኩ አይመስለኝም።

ማታ እራት ላይ አባቴ ለእናቴ «ከነገ ጀምሮ ቤት እውላለሁ» አሏት።

እናቴ ደነገጠች። «አመመህ?»

«አላመመኝም። ያ አውቶቡስ ሲገባባት ሞተሩን ስሰማው ነበር። የምነግራት ነገር አጣሁ።»

በማግሥቱ ብቻዬን ወጣሁ። ሳጥኑ ስለቀለለ ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ይዘላል። እስከ መታጠፊያው ድረስ «ማርሽ ቀይሪ» የሚል ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ከዚያ ራሴ ቀየርኩ።