ከሃያ ዓመት በኋላ የተለቀሰላት ሎታ

ባለፈው ሐሙስ፣ ከአገራችን ርቀን በምንኖርባት ከተማ የዌስትላንድስ መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጄ ቺፕሷን እየበላች «እማማ፣ ይቺን ስሚ፣ ድምጿ አሜዚንግ ነው። ጀርመናዊት የኦፔራ ዘፋኝ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ሞተች» አለችና ስልኳን ጆሮዬ ሥር ደቀነችው። ገና አፏን ስትከፍት አወቅኋት።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ጥሩነሽ እዚሁ መሃል ከተማ የአበሻ ምግብ ቤት ነበራት፤ እኔ አስተናግድ ነበር። ከላያችን ፎቅ ላይ ማማ ኤልዛ የምንላት ጀርመናዊት ትኖር ነበር። በአገሯ ስንቱ መድረክ ላይ የነገሠች ናት ይባላል፤ እኛ ግን የምናውቃት ጠዋት ጠዋት ድምጿን ስታፍታታ ነው። አክስቴ «ጉሮሮዋን ልታጥብ ነው» እያለች ትቀልድባት ነበር። ለእኔ ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ ቅዳሜ ከሃያ ዓመት ዝምታ በኋላ እንደምትዘፍን፣ እስከ መጨረሻው መዝለቋንም እንደምትጠራጠር ነግራኛለች።

ማክሰኞ ነው። ዝናቡ መንገዱን አቡክቶታል፣ ምሳ በላተኛው ወጥቷል። ከላይ አንድ ድምፅ መጣ። ከፍ ይላል፣ ይጣራል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቁርጥ ይልና እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ ሲቃ ሰማን። አክስቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ዘፈን አይደለም፣ የእናት ሙሾ ነው። ሴትዮዋ ልጅ ሞቶባታል» አለች።

ልምምድ ይሆናል ብል ማን ይስማኝ። ለሌላ ምግብ የተዘፈዘፈው ሽምብራ ተቀቅሎ ንፍሮ ሆነ፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጋር አምስት ሴቶች፣ ደረጃውን እያለቀስን ወጣን። ማማ ኤልዛ በሩን የከፈተችልን የዜማ ወረቀቷን ይዛ፣ እርሳስ ጸጉሯ ላይ ሰክታ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅ የሞተባት መስሎን መምጣታችንን በእንግሊዝኛ እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ፊቷ አመድ መሰለ። ታባርረናለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ሞታለች» አለች ቀስ ብላ። «ከሃያ ዓመት በፊት።»

እሷ እየተናገረች እኔ ለአክስቴ አስተረጎምኩ። ያኔ በአገሯ በትርኢት መሃል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ስልክ ተደወለላት። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሎታን መኪና ገጭቷት ሞታለች። የነገሯት ሰዎች ሕዝቡ እየጠበቀ ነው ብለው መልሰው ወደ መድረክ ላኳት። አሁን የምትለማመደውን ይሄንኑ የእናት ሙሾ ጀምራ፣ ያቺ ቁርጥ የሚልባት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም።

አክስቴ ደረቷን ያዘች። እንዲያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም። ልጅቷ መሞቷ ብቻ አይደለም ያስደነገጣት። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ኀዘንተኛውን የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። በስልክ፣ ያውም በሥራዋ ላይ?

«ማን አብሯት ተቀመጠ? ጠይቂያት» አለችኝ።

ማማ ኤልዛ ጥያቄው አልገባትም። ደግሜ ስነግራት «ማንም» አለች።

አክስቴ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲያው ለቅሶው ዛሬ ነው።»

ሎታ፣ ሎታ እያልን አለቀስን። አይቻት ለማላውቀው ልጅ እንባዬ እንዴት እንደወረደ እስካሁን ይገርመኛል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ ምግብ ቤቱ እየተዘጋ፣ ወጥተን ተቀመጥንላት። ማማ ኤልዛ ንፍሮውን በእፍኟ እየዘገነች የልጇን ነገር ታወራን ነበር።

ቅዳሜ ከምትዘፍንበት አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ላይ ተደረደርን፤ ልብሳችን ወጥ ወጥ ይሸታል። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ አክስቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ድምጿ ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ። ዓይኗን አዙራ ፈለገችን። ከዚያ አለፈችው። አክስቴ በሹክሹክታ «እሰይ» አለች።

እንግዲህ የዚያችን ሴት መርዶ እኔም በስልክ፣ ትራፊክ መሃል ሰማሁት። በልጅ ልጄ አልፈርድም፣ አታውቅም። ቤት እንደገባን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ግራ ገብቷት ማን ሞቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?» አልኳት፤ ከሎታ ጀምሬ ሁሉንም አጫወትኳት።

ስልኳን አጠፋች። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ እዚህ አገር ኀዘንተኛ ሲጽናና እንደሚባለው፣ «ፖሌ፣ እማማ» አለችኝ።