ኤክስን በቅዳሴ የፈታሁበት ሳምንት

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ጢሜ ከሒሳብ መምህራችን ጢም ይበልጥ ነበር። ዲያቆን ሆኜ ከቅኔ ቤት ዘግይቼ ነው ወደ አስኳላ የመጣሁት። ገና ከኮሌጅ የወጣውን ይህን ልጅ መምህር በልማድ «የኔታ» ስለው ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔን ደግሞ «አያ» ይሉኛል፤ ለክብር እንዳይመስላችሁ።

ችግሬ አንድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ አንድ ጥያቄ ሠርቶ «ስለዚህ ኤክስ ሰባት ነው» አለ። በቅኔ ቤት የኔታ ያሉት ነገር አንዴ በቃል ከተያዘ ዕድሜ ልክ አይለወጥም። ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ኤክስ ባየሁበት ሁሉ ሰባት! ስንት በግ ቀረ? ሰባት። የልጁ ዕድሜ? ሰባት። የአባቱስ? እሱም ሰባት።

ሁለት ፈተና ወደቅኩ። መምህሩ ለብቻዬ ጠራኝና «ሰኞ ሰሌዳ ላይ ወጥተህ ከራስህ ኑሮ አንድ ምሳሌ በ‘ይበልጣል’ና በ‘ያንሳል’ ምልክት ካልጻፍክልኝ ወደ ስድስተኛ ትመለሳለህ» አለኝ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ከወገቤ አያልፉም።

ቅዳሜ በጭነት ማኪና ኮሶዬ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ወጣሁ። እሑድ ጠዋት ወደ ደብራችን ስሄድ ጭንቅላቴ በምልክቱ ተይዞ፣ እጄ ሳያማክረኝ ከኪሴ ቆሎ እያወጣ ወደ አፌ ይልካል። ስደርስ ቄሶቹ ሁለት፣ ዲያቆናቱም ሁለት። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው ባነሰ አይገባም።

«እሰይ፣ መጣህልን! በል ቶሎ ልበስ» አሉኝ ትልቁ ቄስ።

«አባ፣ አልችልም።»

«ምነው?»

«ቀምሻለሁ።»

«ምን?»

«ቆሎ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በዚህ ጢም?»

ከጎረቤት ደብር ዲያቆን እንዲጠራ ሰው ተላከ። ምእመኑ በዚያ ብርድ እኔን እያየ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥግ ይዤ አሰብኩ። አራት ናቸው፣ አይቻልም። አንድ ቢመጣ ይጀመራል። ሦስት ቢመጡስ? ያው ይጀመራል፤ ተመለሱ የሚላቸው የለም። ቀዳሾቹ በድምሩ አምስትም፣ ሰባትም፣ አሥራ ሦስትም ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ ኤክስ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሆነው ማን አስገድዶት ነው? የተጠራው ዲያቆን እያለከለከ ሲደርስ ሁሉም ተመስገን አለ፤ የእኔ ተመስገን ግን ከሁሉም ይጮህ ነበር።

ሰኞ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ኤክስ የቀዳሾቹ ቁጥር ነው» ብዬ፣ አፉ ወደ ኤክስ የተከፈተውን ምልክት ስዬ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ከጎኑ አምስት ጻፍኩ። «ከአምስት ይበልጣል፣ ወይም እኩል ነው።»

ከኋላ አንዱ ተረበኛ «አያ፣ አራት ተኩል ቢሆኑስ?» አለ።

«ግማሽ ዲያቆንማ እኔ ነኝ፤ ማን ይቆጥረኛል!»

ክፍሉ አውካካ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። «አምስቱም ዲያቆናት ቢሆኑስ?»

«ኧረ የኔታ! ቄስ ከሁለት ካነሰ ምን ቅዳሴ አለ?»

«እሱን ሰሌዳው ላይ አላየሁትም።»

ላብ አጠመቀኝ። ኤክስን ብነካው የሁሉም ቁጥር ይበላሻል። ታዲያ ቄሶቹ የራሳቸው ፊደል ቢኖራቸው ማን ይቀየማል? ከሥር ዋይ ጻፍኩ፤ ያንኑ ምልክት ደገምኩና ከጎኑ ሁለት አስቀመጥኩ።

«ዋይ ቄሶቹ ናቸው። ሁለቱም መስመር ካልተሟላ ቅዳሴ የለም!»

ሁለት ፊደል ባንድ ላይ ገና አልተማርንም ነበር። መምህሩ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ ሁለቱን መስመሮች በትልቅ ቅንፍ አያያዛቸው። «ይኼ የሚመጣው ወር ትምህርት ነበር፤ ቀደምከኝ» አለ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ያው ተረበኛ ነው። ወደ ስድስተኛ መመለሱ በዚያው ቀረ።

«ሸጋ ምሳሌ ነው፤ ሁላችሁም ገልብጡ» አለ መምህሩ። ክፍሉ በሙሉ አቀርቅሮ የእኔን ቅዳሴ ሲገለብጥ፣ እግሬን ዘርግቼ እንደ ደብር አለቃ ተቀመጥኩ። እኔማ በምን ላይ ልገልብጥ፤ ደብተሬን ኮሶዬ ረስቼው መጥቻለሁ።