ሰርቨሩን ጠይቄ ዝም ያልኩባቸው ቀናት

ዛሬ ጠዋት ከባንዲራ ሰልፉ በኋላ የኮምፒውተር መምህራችን ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ፣ «የኮምፒውተር ክበባችን ገጽ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ተከፍቷል!» አለ። ቀጥሎ የሁለት ልጆች ስም ጠራ። መጀመሪያ የጎረቤቴን፣ ከዚያ የእኔን። ሁለተኛ መጠራቴ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፣ አልዋሽም። ግን ከሰልፉ መሃል ዘለልኩ፤ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ መታት።

ደስታዬን ብቻ ጽፌ ባቆም ይሻለኝ ነበር። ግን ሥሩ ቅናት ስለሆነ ከቅናቱ ልጀምር።

ከእሷ ጋር አጥራችን አንድ ነው። አባቷ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፣ የእኔ አባት አራዳ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። እነሱ ቤት ላፕቶፕ አለ። እኔ የማውቀው የትምህርት ቤቱን አሮጌ ማሽኖች ነው፣ ለሦስት ተማሪ አንድ። እሷ ኪቦርዱን ሳታይ በአሥሩም ጣቶቿ ትጽፋለች። እኔ በሁለት ጣት፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ።

«ምነው፣ የቀሩት ስምንቱ ጾም ያዙ እንዴ?» ትለኛለች።

ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ጥርሴ ነው እንጂ ሆዴ ያርራል። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ፣ «የጎረቤታችንን ልጅ አየሻት? እጇ እኮ የስፌት መኪና ነው!» ትላለች። የገዛ እናቴ!

ክበባችን ተማሪዎቹ የመጡባቸውን አገሮች የሚያሳይ ገጽ ሊሠራ ተነሣ። ሁለታችንም ሠራን፤ የእሷ ተመረጠ። የኮሶዬን ስም ስትጫኑ ገደሉ ከነጉሙ ይመጣል፤ ትክል ድንጋይን ስትጫኑ ገበያው። ሸጋ ነበር። ያንገበገበኝም ሸጋ መሆኑ ነው።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት መምህሩ ገጿን ወደ ሰርቨሩ፣ ለሁሉም ሰው ወደሚያሳየው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር፣ ላከው። ሲከፍተው ነጭ። አንዲት ፊደል እንኳ የለም። በላፕቶፗ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እዚያ ሲደርስ ባዶ ወረቀት። አንዱ «ኔትወርክ ነው» አለ፣ ሌላው «ቫይረስ ነው» አለ። እሷ አለቀሰች። እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

«የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው» አለ መምህሩ። «እስከ ሰኞ ካልተከፈተ የሌላዋን እናስገባለን።»

ሌላዋ እኔ ነኝ።

ሁሉም ለምሳ ሲወጣ እኔ ኮምፒውተር ክፍል ቀረሁ። የሰርቨሩ ይለፍ ቃል ለክበቡ አባላት ሁሉ ተሰጥቶናል። ሦስት መስመር ያላት ትንሽ ገጽ ጻፍኩና ላክኋት። ሥራዋ ሰርቨሩን ሁለት ነገር መጠየቅ ብቻ ነው፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተምህ ምንድን ነው? ገጾቻችንን የምንጽፍበት ፒኤችፒ አንተ ጋ ስንተኛው ቨርዥን ነው? ስከፍታት መልሱን ይዛ መጣች። ሊኑክስ፣ 5.3።

የእሷ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፤ ፒኤችፒውም አዲስ። ስለዚህ ዝርዝሮቿን የጻፈችው አዲሱ ቨርዥን ባመጣው ቅንፍ ነው። አሮጌው ደግሞ ያንን ቅንፍ አያውቀውም፤ ስላላወቀው ገጹን በሙሉ ተወው። የእኔን ገጽ በጎን ብሞክረው ወዲያው ተከፈተ። በአሮጌ ማሽን የተማረች ልጅ በአሮጌው መንገድ ነው የምትጽፈው።

መልሱን ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዝም ካልኩ ሰኞ የእኔ ናት።

እሑድ የእህቴ ሰርግ ነበር። እኛ እስላሞች ነን፤ በእኛ ሰርግ ሁለት ዓይነት ማዕድ ይሰናዳል። አንዱ የእኛ ነው። የክርስቲያን እንግዶቻችንን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው ያቀርቡልናል። የዚያን ቀን የክርስቲያኑን ወገን የያዙት የጎረቤቴ እናት ናቸው። እሷም ሽርጥ አስራ ታሳልፋለች፣ ዓይኗ ከዓርብ እንዳበጠ። እናቴ በር ላይ ቆማ የማታውቀውን እንግዳ ሁሉ ወገኑን እየጠየቀች ታስገባለች። «ሳይጠይቁ ማቅረብ እንግዳን መድፈር ነው» ትላለች።

የእኔ ሐሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነበር። ከመካነ ብርሃን የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የአባቴ ደንበኛ፣ ዳሱ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሳልጠይቅ ከእኛ ሳህን አቀረብኩላቸው። ሊቆርሱ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ ሳህኑን ብድግ አደረገው። እሷ ናት።

«አያ፣ አንዴ ይቆዩኝ። ይሄ ለወዲያ ማዶ ነው፤ የእርስዎ ትኩሱ እየመጣ ነው።»

«ሸጋ፣ ልጄ፤ ትኩስ ከሆነማ ምን ቸገረኝ» አሉ ሽማግሌው። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ያየሁት ያኔ ነው።

«ምን ተፈጠረ?» አለች እናቴ ከበሩ።

«ምንም የለም እትዬ፣ ወጡ ቀዝቅዞ ነው» አለቻት እሷ። እኔን በዓይኗ ጠቀሰችኝና ሄደች።

ሮጬ ቤት ገባሁ፤ ደብተሩን ይዤ ከዳሱ ጀርባ አገኘኋትና የጻፍኩትን አሳየኋት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰርቨሩ ነው። ጠይቄው ነበር።»

«መቼ?»

«ዓርብ። በምሳ ሰዓት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ሳለቅስ? ምነው?»

ብዙ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። የወጣው ግን፣ «አሥር ጣት ስላለሽ» የሚል ነው።

አልሳቀችም። ወጥ በነካ እጇ ትከሻዬን መታችኝ፣ አዲሱ ቀሚሴ ላይ። ከዚያ ደብተሩን ደግማ አየችና ግንባሯን ያዘች። «ሊኑክስ! እንዲያማ ከሆነ ቅንፉ ቢስተካከልም ፎቶዎቹ አይመጡም። ሊኑክስ ትልቁን ፊደልና ትንሹን ፊደል ይለያል። የፋይሎቹን ስም በትልቅ ፊደል ጀምሬ ኮዱ ላይ በትንሽ ነው የጠራኋቸው።»

የእኔ ፎቶዎችስ ለምን መጡ? በሁለት ጣት የሚጽፍ ሰው ትልቅ ፊደል ለማምጣት ሌላ ቁልፍ ደርቦ አይጫንም፤ ሁሉም ትንሽ ነው። እኔ ሁለት ቀን ተሸክሜ ያላየሁትን እሷ ሽርጥ እንዳሰረች አየችው። እዚያው፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እንደገና ቀናሁ።

ትናንት ሰኞ አብረን ተቀመጥን። እሷ ቅንፎቹን አስተካከለች፣ እኔ የፎቶዎቹን ስም አንድ በአንድ ለወጥኩ። «በርቺ ዶሮዬ፣ ልቀሚ!» ትለኛለች። ስንልከው የኮሶዬ ገደል ከነጉሙ መጣ። መምህሩ ትንሿን ገጼን ከሰርቨሩ አስነሣኝ፤ «የበርሽ ቁልፍ ዓይነት ለመንገደኛ አይነገርም» ብሎ። አሁን ፍላሼ ውስጥ አለች።

ቅናቴ አልለቀቀኝም። ዛሬ ከሰልፉ ስንመለስ ግን፣ «ቅዳሜ ኮምፒውተር ክፍል እኔና አንቺ ነን የምናሳየው፤ የፈለግሽውን ሁሉ ጥሪ» አለችኝ። እንግዲህ ጠርቻችኋለሁ። ከቤታችሁ ተከፍቶ ሌላ ቦታ እምቢ ያለ ገጽ ካላችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ትንሿን ገጽ አበድራችኋለሁ። ለምሳም ቆዩ። በር ላይ ቆሜ ወገናችሁን የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ።