ቆመው የከረሙት በርሜሎች

ከአዲስ አበባ እስከ ክብረ መንግሥት

ማክሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ሁለት ጉዳይ ይዤ ነው። አንደኛው ነገሌ ቦረና ላይ ለሦስት ሰዎች የናፍታ ጄኔሬተር አያያዝና ጥገና ማስተማር ነው። ሁለተኛው ከሦስቱ አንዱን መርጬ አሬሮ ወስጄ መመደብ ነው። የአሬሮ የመብራት ሞተር ባለሙያ አጥቶ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ። የሞተር ሠራተኛው አቶ ደምሴ በያዙት ናፍታ ውስጥ ውሃ አግኝቼ፣ «ናፍታውን ሸጠው በውሃ ሞልተዋል» ብዬ ጽፌ አስባረርኳቸው። በዚያ ደብዳቤ አንድ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።

ለጋቢና አሥር ብር ከፈልኩ። ጋቢናው ውስጥ ሹፌሩ፣ እኔ፣ አንድ ነጋዴና የነጋዴው ሁለት ዶሮዎች ነበርን። ሻሸመኔ ምሳ በላን። ከወንዶ ወዲያ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወርደን ገፋን። ክብረ መንግሥት የገባነው በማግስቱ ማታ ነው። ለዚህ ሥራ አርጅቻለሁ። ወገቤ ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ መሥሪያ ቤቴ ግን ገና አልሰማም።

ነገሌ

ጫካው እያነሰ፣ ግራሩና ኩይሳው እየበዛ ሄዶ ሐሙስ ከሰዓት ነገሌ ደረስን። ባረፍኩበት ቡና ቤት ፓስታ በፍየል ሥጋ አቀረቡልኝ። አሸዋ አለው፤ ግን ተርበህ ከሄድክ ይበላል።

ከሦስቱ ተማሪዎች ሁለቱ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ የከተማው ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ጉዮ የሚባል በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ዱብሉቅ ኤላ፣ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ ውስጥ ወርዶ ለከብት ውሃ ሲያወጣ የኖረ፣ አሁን የሞተር ቤቱ ዘበኛ ነው። «አካም፣ መምህር! ናጋ?» ብሎ እጄን ያዘኝ። እንደማይሆነኝ ወዲያው ወሰንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ የምለውን አልኩ፤ «ሞተር ሲቆም መጨረሻ የነካውን ሰው ያዙ።»

ጉዮ እጁን አወጣ። «ማንም ካልነካውስ?»

«ሞተር በገዛ እጁ አይቆምም» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከአውራጃው ግቢ አንድ በርሜል ናፍታ በጭነት መኪና መጣልን። ለመሄድ ቸኩያለሁ፤ አሁኑኑ ይቀዳ አልኩ።

«መምህር፣ ይህ በርሜል መንገድ መቶታል» አለ ጉዮ። «ዛሬ ይደር። ነገ ከላይ ከላይ እንቅዳ። ኤላም እንዲህ ነው፤ የተረበሸ ውሃ ለከብት አይሰጥም።»

«ናፍታ ነው እንጂ የከብት ውሃ መሰለህ?» ብዬ የእርሳስ ማኅተሙን ራሴ ቆረጥኩ። የመቅጃውን ጎማ እስከ ታች ሰድጄ ራሴ ቀዳሁ፤ ራሴ አስነሣሁ። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሳል ጀመረውና ቆመ።

ልጆቹ አንዴ እርስ በርስ፣ አንዴ እኔን አዩ። መጨረሻ የነካው ሰው ታውቋል።

የታንኩን የታች መክፈቻ ስንፈታ የወረደው ውሃ ነው። ማኅተሙ ደህና ነበር፤ የቆረጥኩትም እኔ። «ማን ጨመረው?» አልኩ።

«ማንም» አለ ጉዮ። «እዚያ ግቢ በርሜል ቆሞ ነው የሚከርመው። ማታ ሲዘንብ ቢሻን፣ ውሃው፣ አናቱ ላይ ይተኛል። ፀሐይ ሳይወጣ ሄጄ አያለሁ፤ የለም። የት ሄደ?»

ወዴት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀን በፀሐይ የሚያብጠው በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ አናቱ ላይ የተኛውን ውሃ በቡሹ፣ በመቅጃው ክዳን፣ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል።

«ለምን አቆሟቸው?»

«እርስዎ ነዎት ያዘዙት። ቦታ እንዳይፈጁ።»

እውነቱን ነው። ትእዛዙ በየከተማው የሄደው በእኔ ፊርማ ነው፤ አሬሮም ደርሷል። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን አይጥም አልነበረ። አፈርኩ፤ ልጆቹ ፊት ፊቴን የምሸሽግበት አጣሁ።

ታንክ ማጠብ፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈቶ ማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ በፊት ካስተማርኩት ሁሉ ይልቅ የተማሩት ያንን ነው። ለአሬሮ ጉዮን መረጥኩ።

አሬሮ

የዳዋን ወንዝ መልካ ጉባ ላይ ተሻግረን፣ አንድ ጎማ አፈንድተን፣ አሬሮ የገባነው በገበያ ቀን ነው። አቶ ደምሴ ከግራር ሥር የማሾ ፋኖስ ይጠግናሉ። ሸብተዋል።

«አቶ ደምሴ፣ ናፍታውን አልሸጡም። ዝናብ ነው የገባበት። በርሜሎቹን ያስቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቀና አላሉም። «እንዳልሸጥኩ ያኔ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ልጆቼ ግን ሁለት ዓመት የሌባ ልጆች ተብለዋል።» በአገጫቸው ወደ ገበያው አመለከቱ። «ለእነሱ ንገር።»

ከጨው ሻጮቹ መካከል ቆሜ ተናገርኩ። ጉዮ በኦሮምኛ አስከተለ። አንዲት ወተት ሻጭ አሮጊት አንድ ነገር ጠየቁ።

«ሁለት ዓመት በጨለማ ያስቀመጠን ይህ ሰው ነው ወይ፣ ይላሉ» አለኝ ጉዮ።

«አዎ በላቸው።»

አቶ ደምሴ ማሾውን አስቀምጠው ወደ ሞተር ቤቱ ሄዱ። ቆሞ የከረመውን በርሜል ብቻቸውን ሊያጋድሙ ሲታገሉ ጉዮ በሌላው በኩል ያዘላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህ ሞተር አባት አለው፤ እኔ ነገሌ ልመለስ» አለ። ነገሌ ላይ ባለሙያ አድርጌ ፈረምኩለት።

ቤት

በያቤሎና በዲላ አድርጌ በአምስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ «ምን እንዲህ አጠቆረህ?» አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት።

አለቃዬ አቶ ደምሴ ይመለሱ ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንብበው፣ «ይህ እኮ የተዘጋ ፋይል ነው፤ ዞሮ የሚወድቀው ባንተ ላይ ነው» አሉኝ። ይውደቅ አልኩ። አቶ ደምሴ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።

እኔ ሞተር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የማውቀው ሰው መያዝ ነው። ትናንት የድሮ ማስታወሻዎቼን አውጥቼ፣ ናፍታቸው ውስጥ ውሃ ያገኘሁባቸውን ሠራተኞች ፈለግሁ። ከአቶ ደምሴ ሌላ ሁለት ስም አለ፤ ከሁለቱም ጎን በእኔ እጅ «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛው ያለው ተልተሌ ነው። ወገቤ ገና አልተሻለውም፤ ሰኞ መኪና እጠይቃለሁ።