በሚካኤል ቀን የተሰበረው ብረት

ልጄ ሕይወት ዘንድሮ ለመስቀል ከወልቂጤ ስትመጣ አንዲት የማይዝግ ብረት ቁራጭ አሳየችኝ። በምትሠራበት ቤተ ሙከራ ብረቱን በከባድ መዳመጫ ደጋግመው ይጨፈልቁታል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ እሳት ሲያሳዩት በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ደቀቅ ብለው እንደ አዲስ ይወለዳሉ፤ ብረቱም ከቀድሞው ይጠነክራል።

“እሳቱን ብትነፍጉትስ?” አልኳት።

“ይደርቃል፣ እማዬ። መቀጥቀጡ ከቀጠለ ይሰነጠቃል።”

የወንድሜ መዶሻ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ።

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ወልዴ እዚሁ ቡታጅራ፣ ሐጂ ኑሪ ብረታ ብረት ቤት ይሠራ ነበር። በቤታችን የመስቀልን ሥጋ መጀመሪያ የሚቆርጠው አባታችን ነው፤ እየቆረሰ ያጎርሰናል፣ ይመርቀናል። በዚያ ዓመት ወልዴ፣ አባባ እኔ በሠራሁት ቢላዋ ይቁረጥ አለ። ከአሮጌ የዕቃ ማጠቢያ የማይዝግ ብረት አገኘ። እሳት ያጠቁረዋል ብሎ ስለሰጋ በቀዝቃዛው ይቀጠቅጠው ጀመር።

መስከረም ሚካኤል ዕለት ምሳውን ቆጮ በአይብ ይዤለት ሄድኩ። ክረምቱ ቢያባራም መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ ከየቤቱ የሚነጠር ቅቤ ይሸታል። ሐጂ ኑሪ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ “ወልዴ፣ ዛሬ ሚካኤላችሁ አይደል? ነገ ትጨርሰዋለህ” አሉት።

ወልዴ ሳቀ። “ለመስቀል እኮ ነው ሐጂ። ሚካኤል አይቀየመኝም።”

መዶሻውን አሳረፈ። የብረቱ ጠርዝ ተሰብሮ ፍንጣሪው ዓይኑ ውስጥ ገባ።

አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ መልአኩ ቀሰፈው አለ፤ አባታችንም አመነ። በዚያ መስቀል በአሮጌው ቢላዋ ቆርጦ ሁላችንንም ሲመርቅ ወልዴን ዘለለው። አባባ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ዘለለው። ወልዴ መዶሻ ዳግም አልነካም። ቡኢ ሄዶ እህል ይነግዳል። ለሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ይሳለማል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ሕይወት ብረቷን ባሳየችኝ ማግስት ይዣት በሚኒባስ ቡኢ ሄድኩ። የነገረችኝን ነገረችው። ብረቷን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ አያት።

“በሌላ ቀን ብቀጠቅጠውም ይሰበር ነበር?”

“ይሰበር ነበር፣ ጋሼ። እሳት ስላላገኘ ነው።”

ብረቷን መለሰላት። “አባባ ይህን ሳይሰማ ሄደ” አለ።

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ ዘመን መልአኩን ስናማው ኖረናል።

ለመስቀል ወልዴ ከእኛ ጋር ዋለ። ቢላዋውን ሰጠሁት። ሥጋውን ቆረጠ፣ አጎረሰን፣ አንድ በአንድ መረቀን። ለዚህ ያደረሰኝን አምላክ አመሰገንኩ።

እሱን የሚመርቀው ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።