አምበሉ የጠራኝ ዕለት

ብስክሌት የለመድኩት ዘግይቼ ነው። ያደግኩት አሊዩ አምባ ሲሆን፣ እዚያ ከገበያው ሜዳ በቀር ጎማ የሚንከባለልበት ደልዳላ ቦታ አልነበረም፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ዕቃ በአህያና በግመል ይጫናል። ደብረ ብርሃን ወጥቼ ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ ስይዝ ግን የተከራየሁት ቤት ከፋብሪካው ይርቅ ስለነበር አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ። ቆላ ያደገ ሰው የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚያደርገው የቀመሰ ያውቀዋል። እጄ መሪው ላይ እንዳይደነዝዝ ስል ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ ነበር የምጋልበው። አንድ ቀን የፋብሪካው የብስክሌት ቡድን አሰልጣኝ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

“ከማን ነው የምትሸሸው?” አሉኝ።

“ከብርዱ ነው ጋሼ።”

“እንግዲያው ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እኔ ዘንድ ና።”

በዚያው ገባሁ። ቡድኑ ከእኔ ጋር አራት ሰው ሆነ። አምበሉ የአንኮበር ሰው ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ፣ በፋብሪካው የማሽን ጥገና ክፍል የሚሠራ፣ ሦስት ልጆች ያሉት። ብዙ አይናገርም። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የሣሩን አዘነባበል አይቶ ያውቃል፤ እኛን አንድ ባንድ ከፊት እያስቀደመ፣ ደክሞን ከመዛላችን በፊት እያስለወጠ ይወስደናል። እኔ ረመዳንን ስጾም የልምምዱን ሰዓት ወደ ማለዳ ያዛወረው እሱ ነው። አሰልጣኙ ሲያጉረመርሙ፣ “እኔ ሁዳዴን ስጾም ማንም አልተቆጣኝም” ብሎ ዘጋው።

ይህን ሁሉ ደግነቱን እያየሁ እንኳ ቀናሁበት። ምክንያቱም ዳገት ላይ እበልጠው ነበር። ወደ ጣርማ በር በወጣን ቁጥር መጨረሻው ላይ ጥዬው እሄዳለሁ፤ ከላይ ቆሜ ስጠብቀው እያለከለከ ይደርስና ቀና ብሎ ሳያየኝ ያልፋል። ከፋብሪካው ብስክሌቶች ደህናው ግን የእሱ ነበር። ማሊያውም ላይ ቁጥር አንድ የእሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለውታል። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አልተቀበልኩትም።

የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ውድድር የተደረገው በሁለተኛው ዓመቴ፣ ግንቦት ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያ ዞሮ ያንኑ ዳገት ወጥቶ፣ አፋፉ ላይ ተራራውን በስቶ በሚያልፈው የመኪና ዋሻ ይመለሳል። አንደኛ የወጣ ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳል። ከውድድሩ በፊት በነበረው ምሽት አሰልጣኙ ሰበሰቡን።

“ነገ የምንጋልበው ለአምበላችን ነው” አሉ። “ለእሱ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ጎማው ቢተነፍስ አጠገቡ ያለው የራሱን ነቅሎ ይሰጠዋል። ገባችሁ?”

ሁላችንም ገባን አልን። አምበሉ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በማግስቱ ቁልቁለቱን በደህና ወረድን። ከደብረ ሲና ዞረን ሽቅብ ስንጀምር ብዙዎቹ ወደኋላ ቀሩ። ከፊት እኔ፣ አምበሉና ከሌላ ቡድን የመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ሆንን። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ተንጠባጠቡ። አምበሉ ከኋላዬ ተለጥፎ ትንፋሹ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ዋሻው ከላያችን መታየት ሲጀምር “ፍስስ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

“ጎማዬ! ቁም!” አለ። ስሜንም ጠርቶ ደገመው።

ሰምቻለሁ። አንገቴን አቀርቅሬ የፊት ጎማዬን እያየሁ መርገጤን ቀጠልኩ። ሦስተኛ አልጠራኝም። ዋሻው ውስጥ ስገባ ጨለማው ዋጠኝ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቴ ላይ አረፈ። የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ፣ “ዛሬ የእኔ ቀን ነው” እያልኩ ወጣሁ።

ከዋሻው ማዶ ግን ሌላ አገር ነው። ጉም ነበር፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ከደብረ ብርሃን በኩል ይመጣል። ዳገትን ጉልበት ያለው ሰው ብቻውን ይወጣዋል፤ ያ ሜዳ ግን ብቻውን ለሚሄድ ሰው አይሆንም። ጉዶ በረት ሳልደርስ እግሬ ከዳኝ። የተንጠባጠቡት ሁለቱ ሰዎች እየተፈራረቁ መጥተው አለፉኝ፤ ከኋላቸው ልጠጋ ሞከርኩና አልቻልኩም። ከተማ ስገባ ሦስተኛ ነበርኩ። አምበሉም፣ ከኋላ የደረሰ አንድ ባልደረባችን ጎማውን ነቅሎ ሰጥቶት፣ ከእኔ ብዙ ዘግይቶ ገባ። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፊቱን ታጠበና ወደ ቤቱ ሄደ። 

የደርግን ዘመን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ምንም ነገር ያለ ስብሰባ አያልፍም ነበር። በሳምንቱ በፋብሪካው አዳራሽ ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መሐል ተቀምጠው፣ አሰልጣኙ ከጎናቸው፣ እኛ አራታችን አግዳሚ ወንበር ላይ።

“ጓድ፣ ተነስ” አሉኝ ሊቀ መንበሩ። “የቡድኑን ዲሲፕሊን ጥሰሃል፤ ግለኝነት አሳይተሃል ተብሏል። ግለ ሂስህን አቅርብ።”

“አልሰማሁም” ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለማመደው የዋልኩት ቃል ነው። ከመናገሬ በፊት አምበሉ እጁን አወጣ።

“ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ” አለ። “ጎማዬ ሲተነፍስ ሁለታችንም ከምንቀር እሱ ይሂድ ብዬ ነው።”

አሰልጣኙ ዞር ብለው አዩት። “አንተ ነህ ሂድ ያልከው?”

“እኔ ነኝ። ስህተት ከሆነ የኔ ይጻፍ።”

ስህተቱ በእሱ ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፤ ማስጠንቀቂያም ተሰጠው። ሲበተን በሩ ላይ ደረስኩበት።

“ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ” አልኩት። “እኔኮ አልሰማሁህም ነበር።”

ቆመ። “ሰምተኸኛል” አለ ድምፁን ሳያነሳ። “አንገትህን ስትደፋ አይቼሃለሁ።”

“ታዲያ ለምን እንዲህ አልክ?”

“ቢያባርሩህ በሚቀጥለው ዓመት ዳገቱን ማን ይወጣልናል? ቡድኑን አስቤ ነው። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።” ኮቱን ቆልፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ረጅም ነበር። ከሥራው ውጭ አያናግረኝም። ልምምድ ላይ ግን ከፊት ያደርገኛል፤ ዝናብና ነፋስ ፊቴን እየገረፈኝ ሌሎቹን ከልዬ እንድሄድ። ልለወጥ ዞር ስል፣ “ገና ነህ” ይላል። መጀመሪያ የሚቀጣኝ መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ቀስ በቀስ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከኋላዬ ያሉት መቼ እንደደከሙ በጎማቸው ድምፅ መለየት ጀመርኩ፤ ሲቀሩ ሳይነግሩኝ ፍጥነት መቀነስ ለመድኩ። እሱ ለዓመታት ሲያደርግልን የኖረውን ሥራ እኔ ሳላየው እንደኖርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

መስከረም ላይ፣ መስኩ አደይ አበባ በለበሰበት ሰሞን፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆመን ሁለቱን ባልደረቦቻችንን ስንጠብቅ አምበሉ ውሃ አቀበለኝ። ሳልጠጣ ያዝኩት። 

“ጋሼ፣ ያን ቀን ሰምቼሃለሁ። ሁለቴ ጠርተኸኝ ሁለቴም ሰምቻለሁ። ቀንቼብህ ነው።”

ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና አየ። “እኔም ዳገት ላይ በጣልከኝ ቁጥር ጎማህ ቢፈነዳ እያልኩ እመኝ ነበር” አለ። “ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬዋለሁ።” ከዚያ ሳቅ አለ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለቱ ባልደረቦቻችን ሲደርሱ ምን እንደሚያስቀን ጠየቁን፤ አልነገርናቸውም።

በዓመቱ ውድድር ዋዜማ አሰልጣኙ ሲሰበስቡን አምበሉ ቀደማቸው። “ነገ የምንጋልበው ለእሱ ነው” አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። አሰልጣኙ ሊከራከሩ ሞከሩ። “ከዋሻው ወዲህ ያለውን ነፋስ እኔ እይዝለታለሁ” አላቸው፤ “ዳገቱ ላይ ግን እሱን የሚይዘው የለም።” ደህናውን ብስክሌትም ወንበሩን በቁመቴ ልክ ራሱ አስተካክሎ ሰጠኝ።

እንዳለውም ሆነ። ዳገቱ ላይ ቀድሜ መሄድ እችል ነበር፤ ፍጥነቴን ይዤ ጠበቅሁት፣ አብረን ከዋሻው ወጣን። ከዚያ ከፊቴ ገባ። ያን ሜዳ ሙሉ ጀርባውን እያየሁ ሄድኩ። ላብ ማሊያው ላይ ጨው ሠርቶ ነበር፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልለውጠው ጎን ለጎን መጣሁ።

“ተመለስ ከኋላ” አለኝ። “ጉዶ በረትን እንለፍ።”

ጉዶ በረትን ካለፍን በኋላ ወደ ዳር ወጣና በእጁ ሂድ አለኝ። አሁን በእርግጥም ሂድ ያለኝ እሱ ነበር። ሄድኩ። ሁለተኛ ወጣሁ፤ በዚያ ዓመት ሁለት ሰው ስለተመረጠ ደረሰኝ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራሁም። መሐል ላይ ወድቄ ክርኔን ተልጬ፣ ከብዙ ሰው ኋላ ጨረስኩ። ስመለስ በቀጥታ ወደ ጥገና ክፍሉ ሄድኩ። እጁ በማሽን ግራሶ ተለውሶ ነበር፤ በጨርቅ እየጠረገ ከማሽኑ ሥር ወጣ። ስንተኛ እንደወጣሁ ሳይጠይቀኝ ክርኔን አየና፣ “ተቀመጥና ከመጀመሪያው ንገረኝ” አለ። መንገዱ ምን ይመስላል፣ አስፋልቱ ይሻላል ወይ፣ የትልልቆቹ ቡድኖች አምበሎች ሰዎቻቸውን እንዴት ነው የሚያሰልፉት፣ እያለ አንድ ባንድ ጠየቀኝ። የሻይ ሰዓት አለቀና ወደ ሥራችን ተመለስን። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ከሥራ ወጥተን አራታችንም ወደ ጣርማ በር ጋለብን።